የጋሼ ጣሪያና የሁላችን ቢል

በምኖርበት የእንግሊዝ ከተማ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንድ አረጋዊ የአገሬ ሰው አሉ። ቤታቸውን የገዙት ከብዙ ዓመታት በፊት ነው፤ በ2011 ጁላይ ላይ ደግሞ (ዓመታቱንና ወራቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ወደ ደቡብ በሚያዘነብለው ጣሪያቸው ላይ የሶላር ፓኔል አስተከሉ። ቆጣሪው የተገጠመው ጣሪያው ሥር ባለ ጠባብ ክፍል ውስጥ ስለሆነና እሳቸው መሰላል መውጣት ስለከበዳቸው፣ በየሦስት ወሩ ቁጥሩን አንብቤ ለኤሌክትሪክ ኩባንያቸው የምልክላቸው እኔ ነኝ። ከተላከ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ገንዘቡ ባንክ ይገባላቸዋል።

ጋሼ ይህን ገንዘብ «የመንግሥት ክፍያ» ይሉታል፤ የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ እንደዚያው ይለዋል። ሕጉን ያወጣው፣ ዋጋውን የቆረጠውና የጊዜ ገደቡን የወሰነው መንግሥት ነውና አጠራሩ ከእውነት የራቀ አይደለም። ሆኖም ባለፈው የብርድ ወቅት በሳሎናቸው ውስጥ አንዲት እህት የጠየቀቻቸው ጥያቄ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ጥያቄው መልስ የሚገባው ስለመሰለኝ ነው።

ሳሎን ውስጥ የተነሣው ጥያቄ

ያቺ እህት ሁለት ልጆቿን ይዛ የቤቶች ማኅበር በሚያስተዳድረው ሕንፃ ውስጥ በኪራይ ትኖራለች። ቤቷ የጋዝ መስመር የለውም፤ የሚሞቀው በኤሌክትሪክ ነው፤ ቆጣሪዋም አስቀድሞ ገንዘብ የሚሞላበት ዓይነት ነው። የዚያን ዕለት እኔ ከመሰላሉ ወርጄ ቁጥሩን በስልኬ እየላክሁ ነበር። ጋሼ ደግሞ ባለፈው ሩብ ዓመት ምን ያህል እንደገባላቸው በደስታ ያወራሉ። እሷ ለጥቂት ጊዜ ስታዳምጥ ቆየችና በትሕትና እንዲህ ስትል ጠየቀች፦

«ጋሼ፣ ግን መንግሥት ይህን ገንዘብ ከየት አምጥቶ ነው የሚከፍልዎት?»

«ከግምጃ ቤቱ ነዋ ልጄ፤ ሌላ ከየት ያመጣዋል?»

እሷም ኩባንያዋ የላከላትን ዓመታዊ መግለጫ ከስልኳ አውጥታ አሳየቻቸው። «የአካባቢና የማኅበራዊ ግዴታዎች ወጪ» የሚል መስመር አለበት። «ይህ እኔ ከምሞላው ገንዘብ ላይ የሚነሣ ነው» አለች፤ «የእርስዎ ፓኔል ክፍያም እዚህ ውስጥ ይኖርበት ይሆን ብዬ ነው።»

በድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ወቀሳም አልነበረም። በእጇ ያለ ወረቀት የሚለውን ለመረዳት የፈለገች ሰው ንግግር ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው መስመሩን ደጋግመው አነበቡት፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞር ብለው «እውነት ነው እንዴ?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ፣ እውነት ነው» አልኋቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ቀጥለው የጠየቁት ግን እስከ ዛሬ የሚከተለኝ ነው፦ «ታዲያ እኔ የምቀበለው ከዚህች ልጅ ነው ማለት ነው?»

እዚያ ሳሎን ውስጥ ጥፋት የሠራ ሰው አልነበረም። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ በፈረቃ ሠርተው ያጠራቀሙትን ገንዘብ፣ ብዙ ሰው ገና በሚጠራጠርበት ሰዓት፣ በሕግ የተጻፈ ቃል አምነው ጣሪያቸው ላይ አውለዋል። እሷም የምትጠቀምበትን መብራት ዋጋ ሳታጓድል የምትከፍል ሰው ናት። ሁለቱም ትክክል ሆነው ሳለ የጋሼን ጥያቄ በቀላሉ «አይደለም» ብዬ መመለስ አልቻልሁም። ያልቻልሁበትን ምክንያት ለማስረዳት ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል።

ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ

«ፊድ ኢን ታሪፍ» የተባለው እቅድ በ2008 የወጣውን የኢነርጂ ሕግ መሠረት አድርጎ ኤፕሪል 1 ቀን 2010 ሥራ ላይ ዋለ። እንደ ጋሼ ያለ አነስተኛ አምራች ሁለት ዓይነት ክፍያ ይቀበላል። አንደኛው ፓኔሉ ላመነጨው ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፈል ነው፤ ኤሌክትሪኩን ራሱ ቢጠቀምበትም እንኳ ይከፈለዋል። ሁለተኛው ተርፎ ወደ አገሪቱ የኤሌክትሪክ መስመር ለሚገባው የሚከፈል ነው። አብዛኛው ቤት የወጣውን ለብቻ የሚለካ ቆጣሪ ስላልነበረው፣ ካመነጨው ግማሹን ወደ መስመሩ እንደላከ ተቆጥሮ ይከፈለው ነበር። ጡረተኛ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ቤቱ የሚውል ሰው ከዚያ በላይ ቢጠቀምም ስሌቱ አይለወጥም።

ጋሼ ባስተከሉበት ጊዜ፣ በነባር ቤት ላይ ለሚተከል እስከ 4 ኪሎዋት ለሚደርስ ፓኔል የሚከፈለው የማመንጫ ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 43.3 ፔንስ ነበር። ይህ አንድ ቤተሰብ በወቅቱ ከመስመሩ ለሚገዛው ኤሌክትሪክ ከሚከፍለው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ክፍያው ለ25 ዓመት በሕግ የተረጋገጠ፣ ለቤተሰብ ከገቢ ግብር ነፃ የሆነና በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር የሚያድግ ነው። የዋጋ ንረቱ ስለተደመረበት በዚያን ጊዜ የገቡ ሰዎች ዛሬ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚቀበሉት ከ60 ፔንስ ተሻግሯል። በደቡብ እንግሊዝ ጥሩ ፀሐይ የሚያገኝ ባለ 4 ኪሎዋት ጣሪያ በዓመት 3,400 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ያመነጫል፤ በመነሻው ዋጋ ቢሰላ እንኳ በዓመት 1,500 ፓውንድ ገደማ ይሆናል።

ይህን ገንዘብ በቀጥታ የሚከፍሉት የኤሌክትሪክ ሻጭ ኩባንያዎቹ ናቸው። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍጄም በየሩብ ዓመቱ የከፈሉትን ይደምርና እያንዳንዱ ኩባንያ በገበያው ውስጥ ባለው ድርሻ ልክ እንዲሸከም ያደለድለዋል። ኩባንያዎቹም የደረሰባቸውን ወጪ ለደንበኞቻቸው በሚሸጡት ኤሌክትሪክ ዋጋ ላይ ይጨምሩታል። ከግምጃ ቤቱ የሚወጣ ገንዘብ የለም። የገንዘብ ሚኒስቴሩ ግን ይህን መሰል ክፍያ በሂሳብ አያያዙ እንደ ግብርና እንደ መንግሥት ወጪ ይቆጥረው ነበር፤ የወጪ ገደብ ያበጀለትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የአጠቃላዩ እቅድ ወጪ በዓመት ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። አማካይ ፍጆታ ባለው ቤተሰብ ላይ ሲደለደል ግን በዓመት ከ10 እስከ 20 ፓውንድ አካባቢ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ የእቅዱ አውጪዎችም ይህንኑ ያሰቡ ይመስለኛል። ጭነቱን ለሁሉም ካካፈልነው ማንንም አይከብድም ብለው ነው። የሳቱት ነገር ቢኖር አከፋፈሉን ነው። ግብር ቢሆን ኖሮ ብዙ ገቢ ያለው ብዙ ይከፍል ነበር። ይህ ግን የሚከፈለው በተጠቀሙት ኪሎዋት ሰዓት ልክ ነው። ትልቅ ቤቱን በጋዝ የሚያሞቅ ባለጸጋ በኤሌክትሪክ ቢሉ በኩል የሚያዋጣው፣ ጠባብ አፓርታማዋን በኤሌክትሪክ ከምታሞቅ እናት ሊያንስ ይችላል። ያቺ እህት መግለጫዋን አውጥታ ያሳየችው ይህ በራሷ ላይ ስለደረሰ ነው።

ክፍያው ለምን አስፈለገ

እዚህ ላይ ደርሶ «እንግዲያው ነገሩ ሁሉ ስህተት ነበር» የሚል ሰው አለ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ አለመስማማቴም ለጋሼ ካለኝ ፍቅር የመጣ አይደለም።

በ2010 የሶላር ፓኔል ውድ የሆነው የሚመረተውና የሚተከለው ጥቂት ስለነበረ ነው፤ ጥቂት የሚተከለውም ውድ ስለሆነ ነበር። ከዚህ አዙሪት የሚወጣው አስቀድሞ ውዱን ዋጋ የሚከፍል ሰው ሲገኝ ብቻ ነው። በዓለም ላይ የተመረተው ፓኔል በጠቅላላ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ዋጋው 20 በመቶ ገደማ እየቀነሰ መምጣቱ በተከታታይ አሥርት ዓመታት የታየ ነገር ነው። ጀርመን በ1990 ባወጣችው ሕግ ጀምራ፣ በ2000 ደግሞ ለ20 ዓመት የተረጋገጠ ክፍያ በሚሰጠው ሕጓ አጠናክራ ከማንም በላይ የዚህን መማሪያ ወጪ ከፈለች። ብሪታንያ ዘግይታ ገብታ ከእሷ ያነሰ ድርሻ አዋጣች። ጋሼ ጣሪያቸውን ካለበሱበት ጊዜ ወዲህ ባሉት አሥር ዓመታት የፓኔል ዋጋ ከ80 በመቶ በላይ ወረደ። ዛሬ ያለ አንዳች የማመንጫ ክፍያ ሰዎች ፓኔል የሚያስተክሉት፣ ያን ጊዜ ሌሎች ተከፍሏቸው ስላስተከሉ ነው።

በአገር ውስጥም የቀረ ነገር አለ። ከ800,000 በላይ ተከላዎች በእቅዱ ገብተዋል። ይህን ያህል ጣሪያ ላይ ለመሥራት ኤሌክትሪክ ሠራተኞች መሠልጠን፣ የጥራት ማረጋገጫ ሥርዓት መዘርጋት፣ የመስመር ኩባንያዎቹም ከቤት ወደ መስመር የሚመለስ ኤሌክትሪክን መልመድ ነበረባቸው። ያቺ እህት ያዋጣችው ገንዘብ በከንቱ አልፈሰሰም፤ ጥቅሙ ግን ወደ እሷ ቤት የሚገባበት በር አልተሠራለትም። የእኔ ክርክር ሙሉ በሙሉ ይህ ነው።

ጥድፊያው

በሩ ለምን እንዳልተሠራ ሳስብ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደ 2011 መገባደጃ ነው። የፓኔል ዋጋ እየወረደ ክፍያው ባለበት በመቆሙ ተከላው ከታሰበው በላይ ፈጠነ፤ መንግሥትም የወጪው ነገር አሳሰበው። ኦክቶበር 31 ቀን ክፍያውን ከ43.3 ወደ 21 ፔንስ ለመቀነስ ሐሳብ አቀረበ። ለሕዝብ አስተያየት የሰጠው ጊዜ የሚያበቃው ዲሴምበር 23 ቀን ሲሆን፣ ቅነሳው የሚመለከተው ግን ከዲሴምበር 12 ቀን ጀምሮ የሚገቡትን ነበር። አስተያየት መስጠት ሳያበቃ ውሳኔው ሥራ ላይ ይውላል ማለት ነው።

የአካባቢ ተሟጋቹ ፍሬንድስ ኦፍ ዘ ኧርዝና ሁለት የሶላር ኩባንያዎች፣ ሶላርሴንቸሪና ሆምሰን፣ ጉዳዩን ለፍርድ ቤት አቀረቡ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዚያው ዲሴምበር ወር ሕገ ወጥ ነው አለ፤ ይግባኝ ሰሚው በጃንዋሪ 2012 አጸና፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በማርች ወር የመንግሥትን አቤቱታ አልቀበልም አለ። ቅነሳው ከማርች 3 ቀን 2012 ጀምሮ ለተተከሉት እንዲጸና ሆነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ለጥቂት ሳምንታት የታሰበው ቁጠባ በክርክር ወራት ተበላ፤ በመሀሉ ተከላ ኩባንያዎች ሠራተኛ አሰናበቱ፣ ሰዎችም ከአንዱ ቀነ ገደብ ወደ ሌላው ሲሽቀዳደሙ ከረሙ።

ከዚህ ሁሉ የሚቆጨኝ ግን ብዙም ያልተወራው ነው። በዚያን ወቅት የአካባቢ ምክር ቤቶችና የቤቶች ማኅበራት በተከራዮቻቸው ጣሪያ ላይ በብዛት ለመትከል እየተዘጋጁ ነበር። ትልቅ ተቋም ስብሰባ ጠርቶ፣ ጨረታ አውጥቶ፣ ብድር አጽድቆ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ የራሱ ቤት ያለው ሰው ግን በአንድ ስልክ ጥሪ ይወስናል። ጊዜው በድንገት ሲያጥር የደረሱት ባለቤቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ የማኅበራት እቅዶች ተሰረዙ። በዚህም ላይ ከኤፕሪል 2012 ጀምሮ ከ25 በላይ ተከላ ያለው አካል ከመደበኛው ክፍያ 80 በመቶውን ብቻ እንዲያገኝ ተደነገገ። የተነደፈው ጣሪያ ተከራይተው ክፍያውን ለራሳቸው የሚወስዱ ኩባንያዎችን በማሰብ ነበር። የምክር ቤቱና የቤቶች ማኅበሩ ጣሪያ ግን አብሮ ተመታ። ያቺ እህት የምትኖርበት ሕንፃ ዓይነት ጣሪያ፣ ከጋሼ ጣሪያ ያነሰ ዋጋ ተቆረጠለት ማለት ነው። እኔ የዚህ እቅድ ከባዱ ጉድለት የምለው ይህን ነው። ከመነሻው ለጋስ መሆኑን ከጉድለት አልቆጥረውም።

ሌላ መንገድ እንደነበረ የሚያሳይ ምሳሌም በዚያው ዓመት ታይቷል። በደቡብ ለንደን በብሪክስተን፣ ሎውቦሮ እስቴት በተባለው የምክር ቤት መኖሪያ ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ፣ የሰፈሩ ሰዎች አክሲዮን ሸጠው ያቋቋሙት የኅብረት ሥራ ማኅበር በ2012 ፓኔል ተከለ። ማኅበሩን በእግሩ ያቆመው ይኸው ክፍያ ነው፤ ከገቢውም የተወሰነው ለነዋሪዎች የኤሌክትሪክ ቁጠባ ሥራ እንዲውል ተደርጓል። አክሲዮን መግዣ ያላቸውንና የሌላቸውን ያገናኘ ጣሪያ ነው። እንዲህ ያሉት ጥቂት ሆነው የቀሩት የሚሠራላቸው ሰው ጠፍቶ አይመስለኝም፤ ደንቡ በየጥቂት ወሩ እየተለዋወጠ በፈቃደኝነት የሚሠሩ ሰዎችን ስላደከመ ነው።

ለጋሼ የመለስሁላቸው

ጋሼ በሌላ ቀን ብቻችንን ስንሆን «ክፍያውን ብተወው ይሻላል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። በቅንነት እንደጠየቁኝ በቅንነት መለስሁላቸው፦ አይተዉት። እሳቸው ቢተዉት የሚቀረው ገንዘብ በመላው አገር ላይ ተበትኖ ያቺ እህት ቤት ሲደርስ ምንም አይሆንም። ሌላም ምክንያት አለኝ። መንግሥት ለ25 ዓመት የገባውን ቃል ወደ ኋላ ተመልሶ ሲያፈርስ ምን እንደሚከተል ስፔን አሳይታለች። ከ2010 ጀምሮ፣ በተለይም በ2013፣ ቀድሞ ለተተከሉት ቃል የተገባውን ክፍያ ቆረጠች። ትናንሽ ቆጣቢ ቤተሰቦች የባንክ ዕዳቸውን መክፈል አቃታቸው፣ የውጭ ባለሀብቶች በዓለም አቀፍ ግልግል ከሰሷት፣ ዘርፉም ለዓመታት ደነዘዘ። ቀጣዩ እቅድ ሲመጣ ሰው የሚያምነው ያለፈው ቃል ሲከበር ነው። ስለዚህ ጋሼ የሚቀበሉት ይቀጥል፤ መለወጥ ያለበት ገንዘቡ የሚሰበሰብበት መንገድ ነው።

ይህም ሕልም አይደለም። ጀርመን የራሷን ክፍያ ለረጅም ዓመታት ልክ እንደ ብሪታንያ ከቢል ላይ ትሰበስብ ነበር፤ በ2017 ቢሉ ላይ የሚታከለው ተጨማሪ ክፍያ በኪሎዋት ሰዓት 6.88 ዩሮ ሳንቲም ደርሶ ነበር። በጁላይ 2022 ተጨማሪው ዜሮ ሆነ፤ ወጪውም ወደ ፌዴራል መንግሥቱ ገንዘብ ተዛወረ። ጣሪያቸው ላይ ያስተከሉ ሰዎች ክፍያ ግን አልተነካም። በብሪታንያም በኖቬምበር 2025 የቀረበው በጀት፣ ለትላልቅ አምራቾች ክፍያ የሚያስገኘው የቆየው «የታዳሽ ኃይል ግዴታ» የተባለ እቅድ በቤተሰቦች ቢል ላይ ከሚያሳርፈው ወጪ 75 በመቶው ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ለሦስት ዓመት በመንግሥት ገንዘብ እንዲሸፈን ወስኗል። ሸክሙን ከቢል ወደ ግብር ማዞር እንደሚቻል መንግሥቱ ራሱ በዚህ አሳይቷል። ለትልቁ ከተቻለ ለትንሹ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ያለው ሥርዓት ሌላ ነው። ፊድ ኢን ታሪፍ ከማርች 2019 መጨረሻ በኋላ አዲስ አመልካች አይቀበልም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ «ስማርት ኤክስፖርት ጋራንቲ» ተተክቷል፤ ቢያንስ 150,000 ደንበኛ ያለው ኩባንያ ወደ መስመሩ ለገባ ኤሌክትሪክ ከዜሮ በላይ የሆነ ዋጋ ማቅረብ ይገደዳል፤ ዋጋው ምን ያህል እንደሚሆን ግን ለኩባንያው ተትቷል። ክፍያው በየግማሽ ሰዓቱ በሚለካ ቆጣሪ በተረጋገጠ መጠን ነው፤ የግማሽ ግምት ቀርቷል። ከቀድሞው ይልቅ ፍትሐዊ ነው፣ ምክንያቱም ኩባንያው የሚከፍለው መልሶ ለሚሸጠው ሸቀጥ ነው። ተከራይን ግን ይህም አላሰበውም፤ ጣሪያ የሌለው ሰው የሚያስገባው ኤሌክትሪክ የለውምና። ጀርመን በ2017 ባወጣችው ሕግ፣ ከሕንፃው ጣሪያ የመነጨ ኤሌክትሪክ እዚያው ለሚኖሩ ተከራዮች ሲሸጥ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሰጥ አድርጋለች። ለብሪታንያ የጎደላት እንዲህ ያለው ነው።

የያቺ እህት ሕንፃ ጣሪያ ጠፍጣፋ፣ ሰፊና ጥላ የማያርፍበት ነው። እሷና ጥቂት ጎረቤቶቿ ለቤቶች ማኅበሩ የሚቀርብ ጥያቄ እንዳረቅቅላቸው ጠይቀውኝ አዘጋጅቼላቸዋለሁ። ፓኔል ቢተከል ኤሌክትሪኩ ለአሳንሰሩና ለደረጃው መብራት ብቻ ይውል እንደሆነ ወይስ ወደ ቤቶቹም ይገባ እንደሆነ፣ ከትርፉ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ በማን ስም እንደሚገባ፣ በአገልግሎት ክፍያቸው ላይ የሚታይ ቅናሽ ይኖር እንደሆነ በጽሑፍ እንዲመለስላቸው ይጠይቃል። አስቀድመው በሚሞላ ቆጣሪ የሚጠቀሙት ቤቶች ከጥቅሙ እንዳይወጡ የሚለውን አንቀጽ የጨመረችው እሷ ናት፤ ከሁሉም በፊት እንዲቀመጥ ስለፈለገች መጀመሪያ ላይ አስገብተነዋል።